የተቃጠለውን መጽሐፍ ፊልም ይዤ ወደ መቐለ

ከመቐለ ከተመለስኩ ሰንብቻለሁ፤ ወገቤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ደህና ነበር» ብዬ አልፋለሁ። ለማውራት ደክሞኝ ነው። እዚህ ግን ቁጭ ብዬ ስለምጽፍ፣ ወደዚያ የመሄድ ዕድል ለማያገኝ ሰው እንደሆነው ልናገር።

ሥራዬ የድሮ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣትና የተነሡትን መጠበቅ ነው። የብራናው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሥዕሎቹ ከጥፍር ብዙ በማይበልጥ መጠን በረጅም ፊልም ላይ ተከታትለው ይሰፍራሉ፣ ፊልሙም እንደ ክር ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ይገባል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ መዳፍ ላይ ይያዛል ማለት ነው። መልሶ ለማንበብ ግን በመብራት አብርቶ፣ በሌንስ አጉልቶ፣ ቴሌቪዥን በሚመስል መስኮት ላይ የሚያሳይ ማሽን ያስፈልጋል። የእኛ ማሽን ጤፍ እንደ ሞላ ኩንታል ይከብዳል።

የጉዞው ምክንያት ለተብርሃን የምትባል የመቐለ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ መጥታ ቢሯችንን አንኳኳች። አባቷ መሪጌታ ሐጎስ መቐለ አጠገብ ከቁሓ ወዲያ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ቤተ ክርስቲያኗ በስሙ የተሠራችለት ቅዱስ ገድልና መልክዕ ያለበት መጽሐፍ በደርግ ጊዜ በነበረው ጦርነት ከዕቃ ቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ለተብርሃን ግን በንጉሡ ጊዜ ካሜራ የያዙ ሰዎች መጥተው መጽሐፉን አንሥተው እንደነበር ከአባቷ ሰምታለች። «ያ ፊልም ይኖር ይሆን?» አለችኝ። የካርድ መሳቢያዎቹን ስፈትሽ ዋልኩና አገኘሁት። አለቃዬን ለማሳመን ብዙ ወራት ፈጀ፤ በመጨረሻ ለአንድ ሳምንት፣ ማሽኑንና የፊልሙን ቅጂ ይዤ እንድሄድ ተፈቀደ። የቅዱሱ ዓመታዊ በዓል በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር።

ሰኞ በማለዳ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ማሽኑን በስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልዬ፣ በእንጨት ሳጥን አሽጌዋለሁ። ከጎኔ ወንበር ሥር ይቀመጥልኝ ብዬ ረዳቱን ብለምነው ሣጥኑን አንድ ጊዜ አየና፣ «እናት፣ ይሄ ወንበር ሥር ከገባ ሰው የት ሊገባ ነው?» አለኝ። ወደ ጣሪያ ወጣ። ፊልሙን ግን ከእጄ አላወጣሁትም፤ የምግብ ማመላለሻ በምትመስል ዘንቢል ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዳቦ ይመስላቸው ስለነበር ደብረ ሲና ላይ ለምሳ ስንወርድ፣ «አንቺስ ስንቅሽን አትበይም?» አሉኝ።

የጣርማ በርን ብርድ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች እናውቀዋለን ብለን እናስባለን፤ አናውቀውም። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ሹራብ ይወልቃል፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሸሚዝ ይከብዳል፣ ደሴ ሲወጡ ሹራቡ እንደገና ይፈለጋል። ደሴ አመሻሽ ላይ ደረስን፤ ዝናብ ነበር። ጣሪያው ላይ የተሸፈነው ሸራ በአንድ በኩል ተነሥቶ ሲርገበገብ በመስኮት አይቼ ነበርና ረዳቱን ጠየቅኩት፤ «ምንም አልሆነም» አለኝ። ያደርኩበት ሆቴል አልጋ መሐሉ ጎድጓዳ ነው፤ በየትኛውም ጎን ብተኛ ወደ ጉድጓዱ እንከባለላለሁ። አሳላፊዋ ግን ሽሮ አሙቃ አመጣችልኝና ስበላ አጠገቤ ተቀምጣ አጫወተችኝ። ስለ ማሽኑ ብነግራት፣ «ለመጽሐፍ ብለሽ ነው እንዲህ የምትንገላቺው?» አለችኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ መልስ መስጠት ደክሞኝ ነበር።

ማክሰኞ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርገን አለፍን። የአላማጣን ሙቀት አልጽፈውም፤ ያላየ አያምንም፣ ያየም መስማት አይፈልግም። ከአላማጣ በላይ ያለው ግራካሕሱ የሚሉት ተራራ መንገዱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ከላይ ሣጥኔ ሲንሸራተትና ከብረቱ ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይጸልያሉ፤ እኔም ስለ ማሽኑ ጸለይኩ። ማይጨው ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አውቶቡሱ ቆመ፤ ለተበላሸው መለዋወጫ ከመቐለ ካልመጣ አይሄድም ተባለ። ሆቴሎቹ ሞልተው ስለነበር ማደሪያ ያገኘሁት ሻይ ቤት ከምትሠራ ሴት ዘንድ ነው። አማርኛ ብዙ አትችልም፤ እኔም ትግርኛ አልችልም። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችኝና «ብርዲ» አለች፤ እሱ ለሁለታችንም አንድ ነው። በጠዋት «ከመይ ሓዲርኪ» ስትለኝ እንዴት አደርሽ ማለቷ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ይህን ጋቢ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ ስሟን ሳልጠይቃት መሄዴ ይቆጨኛል።

ረቡዕ ቀትር ላይ መቐለ ደረስን። ለአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ድንጋዩ ነው። እኛ ጋ ጭቃና ቆርቆሮ የሆነው ሁሉ እዚያ የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ድሃውም ሀብታሙም በድንጋይ ቤት ይኖራል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ከተማው ሁሉ የተጋገረ ዳቦ ይመስላል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው፤ አያርፍም። ለተብርሃን መናኸሪያ ቆማ ስትጠብቅ ውላ አድራለች። በፈረስ ጋሪ ሣጥኑን ጭነን ሓድነት ሰፈር ወደሚገኘው ቤቷ ሄድን። ውኃ ባልነበረበት ሳምንት አንድ ጄሪካን ሙሉ አሙቃልኝ ነበር። እግሬን ስታጥበኝ ልከለክላት ሞከርኩ፤ «እትዬ ስንዱ፣ እምቢ ካሉኝ አባቴ ይቆጣኛል» አለች።

ሣጥኑን የከፈትነው ከምሳ በኋላ ነው። ማሽኑ ደህና ነበር፤ ሌንሱም መስኮቱም አልተነካም። አምፖሉ ግን ደቅቋል። መለዋወጫ ስጠይቅ ግምጃ ቤቱ የለም ብሎኝ ነበርና ያ አንዱ ነበር ያለኝ። ስብርባሪውን በእጄ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ተኩል ወገቤን የቆረጠው መንገድ ለዚህ ነበር።

መሪጌታ ሐጎስ ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ከቁሓ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። «እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ፣ ሓፍተይ» አሉኝ፤ እኅቴ እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነው። የሆነውን ነገርኳቸው። የተቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«መጽሐፉ የተቃጠለ ጊዜ ይህች ልጅ ጡት ትጠባ ነበር» አሉ ለተብርሃንን እያመለከቱ። «እስከ ነገ መጠበቅ አያቅተኝም። አንቺ ግን ብዪ፣ ፊትሽ ጠቁሯል።»

እየበላን ነገሩን አጫወቱን። መልክዕ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር፣ ክፍል በክፍል እያመሰገነ የሚወርድ የግእዝ ግጥም ነው። የዚያች ቤተ ክርስቲያን መልክዕ ሌላ ቦታ አይገኝም። በቃል የያዙት አንድ በአንድ አለቁና እሳቸው ብቻ ቀሩ።

«ከጠጉሩ እስከ ክርኑ አለኝ» አሉ። «ከክርኑ በታች ጠፋኝ። ሌሊት ሌሊት እፈልገዋለሁ፣ ሓፍተይ፤ አይመጣም። በበዓሉ እስከ ክርኑ እንዘልቅና የሌላ ደብር እንቀጥልበታለን። ከጎረቤት ተበድሮ ድግስ እንደ መደገስ ነው።»

ሐሙስን አምፖል ስንፈልግ ዋልን። ለተብርሃን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ዞረች። ፎቶ ቤቶችን ጠየቅን፣ የሬዲዮ ጠጋኞችን ጠየቅን፣ የቆየ የፊልም ማሳያ ያለውን አንድ አዳራሽ ጠየቅን። በአዲስ አበባ ቢሆን መርካቶ ገብቼ ስምንት ሰው ይገፋኝና ዘጠነኛው «አለ» ይለኝ ነበር። መቐለ ላይ ማንም አይገፋም፤ ሁሉም ቁጭ በዪ ይላል፣ ሻይ ያቀርባል፣ ችግሩን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፣ ከዚያ «የለም» ይላል። ከሰዓት በኋላ እግሬ አብጦ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ ዘመም ብዬ ተቀመጥኩ። ባለ ሱቁ ወጥቶ አየኝ። ይማም ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፣ መቐለ ከገባ ብዙ ዓመቱ።

«አብሽሪ እታለም» አለኝ ውኃ እያቀበለኝ። ሰው በአማርኛ ሲያጽናናኝ ለአፍታ እንባዬ መጣ፤ የድካም ነው። የተሰበረውን አምፖል አሳየሁት። ዐሥራ ሁለት ቮልት የሚል ነበር።

«እንደ ማኪና ነው እንዴ?» አለ።

እኔም ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የመኪና የፊት መብራት አምፖልም ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው። መቀመጫው አይገጥምም፣ ብርሃኑም ከእኛው ያነሰ ይሆናል፤ ግን ሊሠራ ይችላል። የከተማው መብራት በፈረቃ ስለነበር ባትሪም ያስፈልገናል። ይማም አምፖሉን ከሱቁ አወጣ፤ ባትሪ ግን የተሞላ አልነበረውም። «ዛሬ አድሮ ይሞላ» አለ። «ነገ ጁምዓ ሰግጄ ራሴ አመጣዋለሁ። አንቺ አትሸከሚውም።»

ዓርብ ጠዋት ቴሌ ሄጄ ለአለቃዬ ደወልኩ። «ቅዳሜ ተሳፈሪ፣ ማሽኑ ይፈለጋል» አለኝ። ትኬቴም ለቅዳሜ ነበር።

«አልችልም» አልኩት። «ወገቤ ተይዟል። ማክሰኞ እሳፈራለሁ።» ወገቤ እውነትም ተይዟል፤ ምክንያቱ ግን እሱ አልነበረም። «እሺ፣ ማሽኑን ግን አደራ» አለኝ። ሃያ ዓመት ስሠራ «አልችልም» ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

ይማም ከሶላት በኋላ ባትሪውን በጋሪ አስጭኖ ወደ ለተብርሃን ቤት መጣ። አምፖሉን ከዱቄት ወተት ጣሳ በቆረጥነው ቆርቆሮ አቅፈን፣ በሽቦ አስረን፣ ከሌንሱ ሥር አስቀመጥነው። የክፍሉን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረድን። ሽቦውን ባትሪው ላይ ሳስነካው ማሽኑ በራ። ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነበር፤ ግን ፊደል ይነበባል።

መሪጌታ ከማሽኑ መስኮት ፊት ባለው በርጩማ ተቀምጠው ወደ ኋላ አሉ። ፊልሙ አሉታ፣ ኔጋቲቭ የሚሉት፣ ስለሆነ ብራናው ጥቁር፣ ቀለሙ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። «ሌሊት የተጻፈ ይመስላል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸውን አስጠግተው አንድ መስመር በግእዝ አነበቡ። ይማም በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር።

እጀታውን እያዞርኩ ገጾቹን አሳለፍኩ፤ መልክዑ ከመጽሐፉ መጨረሻ ነበር። መሐል ስደርስ መሪጌታ እጄን ያዙኝ።

«ቁሚ። ትንሽ ተመለሺ።»

ተመለስኩ። በገጹ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ብራናው እንዳይገለበጥ የያዘ አውራ ጣት ይታይ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ በሥራችን የተለመደ ነው። መጽሐፉ እየተነሣ ሳለ አንድ ሰው ጠርዙን ይዞ ይቆማል፣ ጣቱ አብሮ ይነሣል። ከፊልሙ የተነሣ ጣቱም ነጭ ሆኖ ነበር። ጥፍሩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ለሁለት የበቀለ ነው።

«ተክላይ ነው» አሉ መሪጌታ።

ለተብርሃን መጥታ ተጎነበሰች። ተክላይ የመሪጌታ ታናሽ ወንድም እንደነበር የነገረችኝ ቆይታ ነው። ልጆች ሳሉ እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ ጥፍሩን ሰነጠቀው። ዲያቆን ነበር፤ ካሜራ የያዙት ሰዎች ሲመጡ ቅጠሉን የገለጠላቸው እሱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልመጣም። ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም።

መሪጌታ ጣታቸውን የማሽኑ መስኮት ላይ አሳረፉ። አምፖሉ ቆርቆሮውን እያጋለው ስለነበርና ፊልሙ እንዳይቃጠል ስለፈራሁ ማጥፋት ነበረብኝ፤ ግን አላጠፋሁም። እሳቸው ራሳቸው ገባቸው። «አጥፊው» አሉ። «ይቃጠላል። አንዴ ተቃጥሏል።»

ባትሪውን ነቀልኩት፤ ጨለማው ውስጥ ሁላችንም ተቀመጥን። ይማም «አላህ ይማረው» አለ። «አሜን» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ በኋላ ባለው ገጽ ሁሉ ተክላይ መጣ፤ አንድ ጊዜ ሁለት ጣት፣ አንድ ጊዜ መዳፉ እስከ አንጓው። መሪጌታ ግን ዳግመኛ «ቁሚ» አላሉኝም፤ ሥራ ነበረብን። አንድ ክፍል አበራለሁ፣ እሳቸው አንዴ በዓይናቸው፣ አንዴ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ እኔ አጠፋለሁ፤ በጨለማ ሆነው ከቃላቸው ሲደግሙት ለተብርሃን በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ትጽፈዋለች። ዓርብ ክንዱን ጨረስን። ባትሪው ደከመ፤ ይማም ወስዶ አስሞልቶ ቅዳሜ ጠዋት መለሰው። ቅዳሜ ከመዳፉ ጀመርን። የጣቶቹ ክፍል ላይ ስንደርስ መሪጌታ አቋረጡና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። ለምሳ ለተብርሃን ሕምባሻና ወጥ አመጣች፤ እየበላሁ ራሴ ወደ ጎን ሲያዘነብል ተሰማኝ። ሳይመሽ የእግሩ ጥፍር ላይ ደረስን። ማንም እልል አላለም። መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ አስገቡና፣ «የቐንየለይ፣ ሓፍተይ» አሉኝ፤ ያቆይልኝ ማለት ነው። ከዚያ በአንድ ሌሊት በቃላቸው ይዘው ለበዓሉ ሊያደርሱት ሄዱ።

እሑድ በዓሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ከቁሓ ወዲያ ሜዳ ላይ ናት፤ ነፋሱ የሴቶቹን ነጠላ ያወናጭፋል። እኔ ከለተብርሃን ጋር ከሴቶቹ መሐል ቆምኩ። ካህናቱ በየክፍሉ መጀመሪያ «ሰላም» እያሉ ከራስ ጠጉሩ ጀምረው ወረዱ። ክርኑ ላይ ሲደርሱ ድምፆቹ እንደ ልማዳቸው ዝቅ ማለት ጀመሩ፤ ሁሉም ሌላ ሊያነሡ ተዘጋጅተዋል። የመሪጌታ ድምፅ ብቻውን ቀጠለ። አንድ ክፍል፣ ሌላ ክፍል። ካህናቱ ተያዩ። ከዚያ የመጨረሻውን ሐረግ እየተቀበሉ፣ እየተደናቀፉ ተከተሉት። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አዛውንት ሴት ግእዙን ባያውቁም አዲስ መሆኑን አውቀው፣ ለተብርሃንን በትግርኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም በጆሯቸው መለሰችላቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ወይዘሮ ብርኽቲ ይባላሉ፤ የተክላይ ሚስት ናቸው።

በዓሉ ሲያልቅ መሪጌታ ወደ እኔ መጡ። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

«መልክዑ ለቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ። «ለብርኽቲ አንዲት ገጽ በወረቀት ብታወጪላት። ያቺን ገጽ።»

ሰኞ ዐረፍኩ፣ ማክሰኞ ተሳፈርኩ። ስለ መመለሻው መንገድ ብዙ የምለው የለም፤ የሄድኩበት ያው ነው፣ ተገልብጦ። ይማም ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከሾፌሩ ጀርባ እንዲቀመጥ ከረዳቱ ጋር ሲከራከር ቆይቶ አሸነፈ።

ቢሮ እንደገባሁ ገጹን ፎቶ ለሚያጥበው የጨለማ ክፍላችን ሠራተኛ ሰጠሁት። ሥዕሉን አይቶ፣ «ይሄ የተበላሸ ነው፣ ጣት ገብቶበታል። ጠርዙን ልቁረጠው?» አለኝ። አትንካው አልኩት። ወረቀቱ ሲወጣ አሉታው ተገልብጦ ብራናው ነጣ፣ ፊደሉ ጠቆረ፣ ጣቱም የሰው ጣት ሆነ፤ የቆዳው መስመር ሁሉ ይታያል። ወደ መቐለ በሚሄድ አውቶቡስ ላክሁት።

ትናንት ለተብርሃን ደወለች። አክስቷ ወይዘሮ ብርኽቲ ወረቀቱን መስታወት አስገብተው ከአልጋቸው በላይ ሰቅለውታል። ካህናት ሊጠይቋቸው ሲመጡ ቀና ብለው ግእዙን ማንበብ ይጀምራሉ አለችኝ። እሳቸው ግን በየማለዳው በነጠላቸው ጫፍ የሚወለውሉት ታችኛውን ጥግ ብቻ ነው።